«ይሄ መድኃኒት ለኮቪድ ይሠራል» የሚል ጥናት ሲደርሳችሁ እንዴት ትመረምሩታላችሁ? ለፀረ ብግነት መድኃኒቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይሄን የምጽፈው አንድ ነገር ደጋግሜ ስለማይ ነው። የጥናት ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ «ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው) ሞትን በሲሶ ቀነሰ» ይላል፣ ሰው ያቺን አንድ መስመር አንብቦ ጉንፋን ለያዘው ወንድሙ መድኃኒቱን ሊገዛ ፋርማሲ ይሄዳል። የጤና ተማሪዎችም ጆርናል ክለብ (ጥናት አብረው የሚወያዩበት ስብሰባ) ላይ የሚሠሩት ስህተት ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ፒ ቫልዩውን (መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱን ዕድል የሚለካውን ቁጥር) ያዩና ከ0.05 ካነሰ «ይሠራል» ከበለጠ «አይሠራም» ብለው ይዘጉታል።

ፀረ ብግነት መድኃኒት ግን (ስቴሮይድ በሉት፣ ኮልቺሲን፣ ቶሲሊዙማብ፣ አይቡፕሮፌን) እንደዛ አይነበብም። እነዚህ መድኃኒቶች ቫይረሱን አይገድሉም፣ የሚነኩት የራሳችንን ሰውነት ምላሽ፣ ብግነት የምንለውን የማበጥና የማተኮስ ነገር ነው፣ ስለዚህ አንዱን ታካሚ ያተረፈ ኪኒን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፣ ያውም እዚያው አንድ ጥናት ውስጥ። «ይሠራል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ለማን? በስንተኛው ቀን? በምን መጠን?» ማለት አለባችሁ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ለዚህ ነው፣ ምሳሌዎቹም ከኮቪድ ጥናቶች የተወሰዱ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ይሄ ጥናት ማንበቢያ ነው፣ መድኃኒት ማዘዣ አይደለም። ዴክሳሜታዞንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ለጉንፋን፣ ለሳል፣ ለትኩሳት ብላችሁ ቤት ውስጥ በራሳችሁ አትጀምሩ። በሌላ ሕመም ምክንያት ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ይሄን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቋርጡ፣ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው። አጠገባችሁ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ጽሑፉን ተዉትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ዝግጅት፦ ምን ምን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ

1. ሙሉውን ጥናት። ዜናውን አይደለም፣ ማጠቃለያውንም ብቻ አይደለም።
2. ከጥናቱ ጋር የተያያዘውን ተጨማሪ ሰነድ። ብዙ ጊዜ ጠቃሚው ሠንጠረዥ እዚያ ነው የሚደበቀው።
3. ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የተመዘገበበትን ገጽ። ቁጥሩ ጥናቱ ላይ ተጽፏል፣ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ ወይም ለአፍሪካ ጥናቶች በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ ፈልጉት።
4. ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልካችሁ ካልኩሌተር።

ጥናቱ ክፈሉ ብሎ ከዘጋባችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ፐብሜድ ሴንትራል (ነፃ የጥናቶች ድረ ገጽ) ላይ ፈልጉ፣ ቀጥሎ ፕሪፕሪንቱን (ገና ሳይገመገም የተለጠፈውን ቅጂ) ፈልጉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል ያላችሁ ደግሞ ተቋማችሁ ሂናሪ (ለታዳጊ ሀገራት ተቋማት ጆርናሎችን የሚከፍት ፕሮግራም) መግቢያ ካለው የላይብረሪ ሠራተኛውን ጠይቁ። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ፣ ብዙዎቹ ይልካሉ። ሙሉ ጥናት የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለና ያለው ጋዜጣዊ መግለጫ ብቻ ከሆነ «ገና ነው» ብላችሁ ጻፉና አቁሙ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉት

አምስት ነገር ይኑረው፦ ማን ታከመ፣ ምን ያህል መድኃኒት ለስንት ቀን፣ ከምን ጋር ተነፃፀረ፣ ምን ተለካ፣ በስንት ቀን ውስጥ።

ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመራውን የእንግሊዙን ሪከቨሪ ጥናት ብንወስድ፦ «ሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ታካሚዎች፣ ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ እስከ 10 ቀን፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር፣ ሞት፣ በ28 ቀን።»

የካናዳውን ኮልኮሮና ጥናት ብንወስድ ደግሞ፦ «ሆስፒታል ያልገቡ፣ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነና ቢያንስ አንድ ተጋላጭ የሚያደርግ ነገር ያለባቸው የኮቪድ ታካሚዎች፣ ኮልቺሲን 0.5 ሚሊ ግራም ለ3 ቀን በቀን ሁለቴ ከዚያ ለ27 ቀን በቀን አንዴ፣ ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ኪኒን) ጋር፣ ሞት ወይም ሆስፒታል መግባት፣ በ30 ቀን።»

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታዩዋቸው ገና ከመጀመሪያው ስለተለያዩ ሰዎች እንደሚያወሩ ይገባችኋል። «ማን» የሚለው ቦታ ላይ «ኮቪድ ያለበት ሰው» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ እሱ መልስ አይደለም። መሙላት ካቃታችሁ የጥናቱን የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ክፈቱ፣ ዕድሜ፣ ኦክስጅን፣ ተጓዳኝ ሕመም ሁሉም እዚያ አለ። መጠኑና የቀኑ ብዛት ካልተጻፈ ግን የጥናቱ ችግር ነው፣ የእናንተ አይደለም፣ እሱን በቀይ አስምሩበት።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና የሕመሙን ክብደት ለዩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው፣ ለፀረ ብግነት መድኃኒት ደግሞ ከሁሉም በላይ ወሳኙ እሱ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ።

በኮቪድ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ የሚባዛበት ጊዜ ነው፣ ሰውነት የሚከላከለውም በዚሁ ብግነት በምንለው ነገር ነው። አብዛኛው ሰው በዚሁ ይድናል። አንዳንዱ ላይ ግን ወደ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ምላሹ ራሱ ከልክ ያልፍና ሳንባን መጉዳት ይጀምራል፣ ኦክስጅን ይወርዳል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ቀደም ብሎ ከተሰጠ ግን የሚያዳክመው መከላከያውን ነው።

የሪከቨሪን ቁጥር በሦስት ከፍላችሁ ጻፉት (የሞቱ ሰዎች በመቶኛ፣ መጀመሪያ ዴክሳሜታዞን ያገኙት፣ ቀጥሎ ያላገኙት፤ ከዚህ በኋላም ጥንድ ቁጥር ሳስቀምጥ መድኃኒቱን ያገኙት ይቀድማሉ)፦

ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ የነበሩ፦ 29.3 በመቶ እና 41.4 በመቶ
ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው የነበሩ፦ 23.3 በመቶ እና 26.2 በመቶ
ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው፦ 17.8 በመቶ እና 14.0 በመቶ

ሦስተኛውን መስመር ደግማችሁ እዩት። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ሰዎች ላይ መድኃኒቱን ያገኙት ናቸው በመቶኛ ብዙ የሞቱት። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው (የሁለቱን ቡድን ሞት የሚያነፃፅረው ሬት ሬሾ 1.19፣ 1 ማለት ልዩነት የለም ነው፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊሆን የሚችልበት ክልል፣ ከ0.92 እስከ 1.55) ግን ጥቅም የሚባል ምልክት የለውም። እንግዲህ ቤት ተኝቶ የሚያስለው ሰው የሚመደበው ከሦስተኛው መስመር ነው፣ «በሲሶ ቀነሰ» የሚለው ዜና የሚያወራው ደግሞ ስለ መጀመሪያው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 መመሪያ ሲያወጣ ስቴሮይድን በጠና ለታመሙት አጥብቆ መከረ፣ ቀላል ሕመም ላላቸው ግን እንዳይሰጥ አለ።

እዚህ ጋ ማድረግ ያለባችሁ፦

ሀ. ታካሚዎቹ ጥናቱ ውስጥ ሲገቡ ሕመሙ ከጀመራቸው ስንት ቀን እንደሆነ ፈልጉ። ሪከቨሪ ላይ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከ7 ቀን በላይ ለቆዩት ነው።
ለ. ስንቶቹ ኦክስጅን ላይ እንደነበሩ ጻፉ።
ሐ. ሁለቱም ካልተገለጹና ሁሉም ተደባልቆ አንድ ቁጥር ብቻ ከተሰጠ፣ ያንን ቁጥር ለማንም ግለሰብ አትጠቀሙበት።

ሌላ ጥንቃቄ፣ ከአንዱ ቫይረስ ወደ ሌላው አትዝለሉ። ያው ዴክሳሜታዞን ክሩፕ በሚባለው የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም ላይ በደንብ ይረዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ 720 ሕፃናት ባሉበት ጥናት ሕመሙ አልሻል ብሎ ወደ ሕክምና የተመለሱት 7.3 በመቶ ሲሆኑ ፕላሴቦ ያገኙት 15.3 በመቶ ነበሩ። ብሮንኪዮላይተስ (የጨቅላዎች ትንንሽ የሳንባ ቱቦዎች ማበጥ) ላይ ግን ያው መድኃኒት በ600 ጨቅላዎች ተሞክሮ ሆስፒታል የገቡት 39.7 በመቶ እና 41.0 በመቶ ሆኑ፣ ማለትም ለውጥ የለም። ሁለቱም ሕመም ከቫይረስ ነው፣ ሁለቱም የመተንፈሻ አካል ነው። የሚያብጠው ቦታ ሲለያይ መልሱም ይለያያል።

ደረጃ 3፦ ሁለቱ ቡድኖች እንዴት እንደተከፈሉ እዩ

«በዕጣ ነው የተመደቡት?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ። ካልሆነ ግን ቆም በሉ።

ሐኪም ስቴሮይድ የሚያዘው የባሰበት ታካሚ ሲያይ ነው፣ ስለዚህ ስቴሮይድ የወሰዱት ቢበዙ የሚሞቱት መድኃኒቱ ገድሏቸው ነው ወይስ ድሮም የባሰባቸው እነሱ ስለነበሩ ነው? ኢንፍሉዌንዛ ላይ ያሉት ብዙ የምልከታ ጥናቶች (በዕጣ ሳይመድቡ የሆነውን ብቻ የሚመዘግቡት) ችግራቸው ይሄ ነው፣ ስቴሮይድ ካገኙት ብዙ ሰው ሞተ ይላሉ፣ ምክንያቱን ግን ከቁጥሩ መለየት ያስቸግራል። ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሳሳታል። መድኃኒቱን ሆስፒታል በገባ በ5ኛው ቀን የጀመረ ሰው የግድ እስከ 5ኛው ቀን በሕይወት ቆይቷል ማለት ነው፣ ያልወሰዱት ውስጥ ግን በ2ኛው ቀን የሞቱትም ይቆጠራሉ፣ በዚህ ብቻ መድኃኒቱ ያዳነ መስሎ ሊታይ ይችላል። የምልከታ ጥናት ሲሆን መቁጠር የጀመሩት ከየትኛው ቀን እንደሆነ ፈልጉ፣ ካልተጻፈ አትመኑት።

«እኔ ያከምኳቸው ሁሉ ዳኑ» የሚል የሐኪም ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ማነፃፀሪያ ቡድን የለውም። ቀላል ኮቪድ የያዛቸው አብዛኞቹ ያለ ምንም መድኃኒትም ይድናሉ።

የናሙናው ብዛትም አያታላችሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን (ለወባ የሚሰጥ መድኃኒት) የወጣው ጥናት ከ671 ሆስፒታሎች 96,000 ገደማ ታካሚዎች አሉኝ ብሎ ነበር። የመረጃው ባለቤት የነበረው ኩባንያ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ ምርመራ ማቅረብ ስላልቻለ ጁን 4 ቀን ተሰረዘ፣ ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላውም። ለጥያቄው አስተማማኝ መልስ የሰጠው በዕጣ የተመደበው ሪከቨሪ ነው፦ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ካገኙት 27.0 በመቶ፣ ካላገኙት 25.0 በመቶ ሞቱ፣ ጥቅም አልነበረውም። ስለዚህ የምታነቡት ጥናት ተሰርዞ እንደሆነ መጀመሪያ የጆርናሉ ገጽ ላይ ቼክ አድርጉ፣ የተሰረዘ ጥናት ስክሪንሾቱ ለዓመታት ይዞራል።

ፕላሴቦ ከሌለውስ?

ወዲያው አትጣሉት። ምን እንደተለካ እዩ። ሪከቨሪ ፕላሴቦ አልነበረውም፣ ሐኪሙም ታካሚውም ያውቁ ነበር፣ ግን የተለካው ሞት ነው፣ ሞት ደግሞ በስሜት አይቀየርም። ፕሪንሲፕል የሚባለው ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ግን በአፍ የሚሳብ ቡዴሶናይድን ቤታቸው ላሉ ሰዎች ሰጥቶ በዋናነት ከለካቸው ነገሮች አንዱ ራሳቸው ታካሚዎቹ «ተሻለኝ» ያሉበትን ቀን ነበር። ወደ 3 ቀን ገደማ ፍጥነት አገኘ፣ 11.8 ቀን ከ14.7 ጋር። ይሄ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን መድኃኒት እየወሰደ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቶሎ «ተሻለኝ» ማለቱም ያለ ነው። እንደዚህ ሲገጥማችሁ የራስ ስሜት ያልሆነውን ውጤት ፈልጉ፦ እዚህ ጥናት ላይ ሆስፒታል መግባት ወይም ሞት 6.8 በመቶ እና 8.8 በመቶ ነበር፣ ወደ ጥሩው ያዘነበለ ነው፣ ግን ጥናቱ አስቀድሞ ያስቀመጠውን የማረጋገጫ መስፈርት አላለፈም።

ደረጃ 4፦ ምን እንደተለካ አረጋግጡ፣ ከምዝገባው ጋር አመሳክሩ

ለፀረ ብግነት መድኃኒት ልዩ ወጥመድ አለ። «ሲአርፒው ወረደ፣ ትኩሳቱ ጠፋ» የሚል ውጤት ስታዩ እንዳትደነቁ። ሲአርፒ ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፣ የሚመረተውም ጉበት ውስጥ ኢንተርሊኪን-6 በሚባለው የብግነት መልእክተኛ ትእዛዝ ነው፣ ቶሲሊዙማብ ደግሞ የሚዘጋው የዚያኑ ኢንተርሊኪን-6 መቀበያ ነው፣ ታካሚው ቢሻለውም ባይሻለውም ሲአርፒው ይወርዳል። እንዲያውም ለሐኪሞች አደጋ አለው፣ አዲስ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ቢነሳ ሲአርፒና ትኩሳት ላያሳዩት ይችላሉ። ስለዚህ የላብራቶሪ ቁጥሮችን ለብቻ አስቀምጡና የሚከተሉትን ብቻ ቁጠሩ፦ ሞተ ወይ፣ ቬንትሌተር ላይ ወጣ ወይ፣ ሆስፒታል ገባ ወይ፣ ስንት ቀን ተኛ።

ከዚያ የምዝገባ ገጹን ክፈቱ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት «ዋናው የምንለካው ነገር» ብለው የጻፉትና የታተመው አንድ ነው? ቀኑስ፣ 28 የነበረው 14 ሆኗል? ከተቀየረ ምክንያቱ መጻፉን እዩ። ሳይገለጽ ከተቀየረ ከዋናው ውጤት ይልቅ መጀመሪያ የተመዘገበውን ፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ታች ከሁለተኛ ደረጃ ውጤቶች መሀል ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት

ኮልኮሮናን እንውሰድ። ኮልቺሲን ከወሰዱት 2,235 ሰዎች 104ቱ ሞቱ ወይም ሆስፒታል ገቡ። ፕላሴቦ ከወሰዱት 2,253 ደግሞ 131።

1. ሁለቱንም አካፍሉ፦ 4.65 በመቶ እና 5.81 በመቶ (ሲጠጋጋ 4.7 እና 5.8)።
2. ቀንሱ፦ ልዩነቱ 1.16 በመቶ ገደማ።
3. 100ን ለልዩነቱ አካፍሉ፦ 86። ማለትም ውጤቱ እውነት ቢሆን እንኳን አንድ ሰውን ከሆስፒታል ለማዳን 86 ሰው አንድ ወር ሙሉ መዋጥ አለበት።
4. ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ጻፉ፦ ኦድስ ሬሾ (ይሄም ሁለቱን ቡድኖች የሚያነፃፅር ቁጥር ነው፣ 1 ማለት ልዩነት የለም) 0.79፣ ከ0.61 እስከ 1.03። 1 መሀሉ ገብቷል፣ ስለዚህ ጥቅም የለውም የሚለው አልተሻረም።

ከዴክሳሜታዞን ጋር አወዳድሩት። ቬንትሌተር ላይ ሆነው መድኃኒቱን ካገኙት 324 ሰዎች 95ቱ ሞቱ፣ ካላገኙት 683 ደግሞ 283፣ ልዩነቱ 12 በመቶ፣ አንድ ሰው ለማትረፍ 8 ሰው ማከም ይበቃል። ኦክስጅን ብቻ ለሚያገኙት 35 ገደማ ይመጣል።

ያሰላችሁት ከጥናቱ ጋር ካልገጠመ

አትደንግጡ፣ ጥናቱም የግድ አልዋሸም። የሪከቨሪን አጠቃላይ ብታሰሉ 22.9ን ለ25.7 ስታካፍሉ 0.89 ይመጣል፣ ጥናቱ የጻፈው ግን 0.83 ነው። ለምን? ዴክሳሜታዞን ያገኙት በአጋጣሚ በአማካይ 1.1 ዓመት ገደማ ይበልጡ ነበር፣ ኮቪድ ደግሞ ሽማግሌ ላይ ይጠናል፣ ስለዚህ በዕድሜ አስተካክለው ነው ያሰሉት። «አድጀስትድ» የሚል ቃል ፈልጉና በምን እንዳስተካከሉ አንብቡ። ማስተካከያው ሳይገለጽ ቁጥሩ ከሰፋ ግን ያኔ ጠርጥሩ።

ፒ ቫልዩው ከ0.05 ሲበልጥ

«አይሠራም» ብላችሁ አትጻፉ። ኮቫክታ የተባለው የቶሲሊዙማብ ጥናት 438 ሰው ነበረው፣ ሞት 19.7 በመቶ እና 19.4 በመቶ ሆነ፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ያኔውኑ ቀበረው። ኢንተርቫሉን ያየ ሰው ግን ሞትን በ7.6 ነጥብ ከመቀነስ እስከ በ8.2 ነጥብ መጨመር እንደሚደርስ ያያል፣ ይሄ «አይታወቅም» ነው የሚባለው። በኋላ ሪከቨሪ ከ4,000 በላይ ሰው መድቦ ሲያየው 31 በመቶ እና 35 በመቶ ሆነ፣ ሞትን ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የሪከቨሪዎቹ ኦክስጅናቸው የወረደና ሲአርፒያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ናቸው፣ 82 በመቶዎቹም ስቴሮይድ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፣ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት መስመርም ተቀይሯል።

ደረጃ 6፦ በሰብግሩፕ (ከታካሚዎቹ መሀል ተለይቶ በታየ ንዑስ ቡድን) አትሸወዱ

ኮልኮሮና በዋናው ውጤት ሳይሳካለት ሲቀር «በፒሲአር የተረጋገጠላቸውን ብቻ ስናይ ግን ቀንሷል» የሚለው ጎልቶ ወጣ፣ 4.6 በመቶ ከ6.0 በመቶ፣ ፒ ቫልዩ 0.04። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 መግለጫው ሲወጣ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። ጥናቱ ደግሞ ያቀደው 6,000 ሰው ሲሆን ሳይሞላ ቆሟል።

ታዲያ የዴክሳሜታዞንን ሰብግሩፕ አምነን ይሄን የማናምነው ለምንድነው? ሦስት ነገር ጠይቁ። አስቀድሞ ታቅዶ ነበር? ዋናው ውጤት ራሱ ተሳክቷል? ሌላ ጥናት ደግሞታል? እኔ ከሦስቱ ይበልጥ ክብደት የምሰጠው ለመጨረሻው ነው። የዴክሳሜታዞንን ሌሎች አረጋግጠውታል፣ ሰባት ጥናቶችን ያጠቃለለው ትንተና በጽኑ ሕሙማን ላይ ስቴሮይድ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኮልቺሲን ግን ሪከቨሪ ውስጥ ገብቶ በ11,340 ሰው ሲሞከር 21 በመቶ እና 21 በመቶ ሆነ።

እዚህ ጋ ደግሞ በተቃራኒው እንዳትሳሳቱ፦ ሪከቨሪ የተኙ ታካሚዎች ላይ ነው፣ ኮልኮሮና ቤት ያሉት ላይ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ቀጥታ አይሽረውም። ቤት ላሉት ራሱን የቻለ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እሱም ሲጠራቀም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ቀላል ኮቪድ ላላቸው ኮልቺሲን እንዳይሰጥ አጥብቆ መከረ።

ደረጃ 7፦ ጉዳቱን ለብቻ ፈልጉ

ማጠቃለያው ላይ «መድኃኒቱ ደህና ነው» ስለተባለ አትለፉት። ሠንጠረዡን ክፈቱ። ኮልኮሮና ላይ ተቅማጥ 13.7 በመቶ እና 7.3 በመቶ ነበር፣ በሳንባ የደም መርጋት 11 ሰው እና 2 ሰው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ደረጃ 5 ላይ ካገኛችሁት 86 ጎን አስቀምጡትና አመዛዝኑ።

ከዚያ ጥናቱ ያላያቸውን አስቡ። 28 ቀን ብቻ የተከታተለ ጥናት በሁለት ወር የሚመጣውን አያይም። ለእኛ ሀገር በተለይ እነዚህን ቼክ አድርጉ፦

ቲቢ። ስቴሮይድ ተኝቶ የነበረን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ቲቢ ደግሞ ሳልና ትኩሳት ስለሆነ «ኮቪድ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ስኳር። ስቴሮይድ ስኳርን ይሰቅላል፣ ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰውም ላይ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቁር ፈንገስ የተባለው ሚውኮርማይኮሲስ ሲስፋፋ ስኳርና የስቴሮይድ ያለልክ አጠቃቀም ዋና ምክንያቶች ሆነው ተጠቅሰዋል።

ስትሮንጊሎይደስ። አፈር ውስጥ ያለ ትል ነው፣ በባዶ እግር ይገባል፣ ለዓመታት ያለ ምልክት አንጀት ውስጥ ይቀመጣል። ስቴሮይድ ሲሰጥ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ አለ፣ ከሀገር ወጥተው አሜሪካም እስራኤልም ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ላይም ይገኛል፣ እዚያ ያለው ሐኪም ላያስበው ስለሚችል ያደጋችሁበትን አካባቢ ንገሩት። እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ጥናት ላይ ይሄ ጉዳት አልታየም ማለት እኛ ጋ የለም ማለት አይደለም።

ልጆችና አስፕሪን። አስፕሪንም ፀረ ብግነት ነው። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ አትስጡ፣ ራይ ሲንድሮም የሚባል ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 8፦ እናንተ ጋ ይሠራል ወይ?

ማነፃፀሪያው «የተለመደው ሕክምና» ሲሆን የማን የተለመደ ሕክምና እንደሆነ ጠይቁ። እንግሊዝ ሆስፒታል ውስጥ የተለመደ ማለት ኦክስጅን የማይቋረጥበት፣ ስኳር በየጊዜው የሚለካበት ማለት ነው። ኦክስጅን በሌለበት ዴክሳሜታዞን ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ሪከቨሪ አልመለሰም።

ኦክስጅን ሳቹሬሽንን (ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ በመቶኛ የሚያሳየውን ቁጥር) እንደ መቁረጫ የሚጠቀም ጥናት ሲሆን ደግሞ ከፍታውን አስታውሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጤነኛ ሰው ላይም ቁጥሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ዝቅ ይላል። ለንደን ላይ የወጣን ቁጥር እንዳለ አምጥታችሁ «በቃ ስቴሮይድ ያስፈልገዋል» አትበሉ፣ ውሳኔው የሐኪም ነው፣ ሐኪሙም አተነፋፈሱን ጨምሮ ነው የሚያየው።

ደረጃ 9፦ ፍርዳችሁን በሁለት መስመር ጻፉ

«ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚል ቃል ብቻውን እንዳይገባ። ማን፣ መጠን፣ ጥቅም፣ ጉዳት፣ ያልታወቀው። ለምሳሌ፦

«ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን፦ ኦክስጅን ወይም ቬንትሌተር ላስፈለጋቸው የኮቪድ ታካሚዎች ሞትን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ጥቅም አልታየም፣ ሊጎዳም ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ስኳር፣ ቲቢና ስትሮንጊሎይደስ ይታሰቡ።»

«ኮልቺሲን፦ ለተኙ ታካሚዎች ሞትን አልቀነሰም። ቤት ላሉት ዋናው ጥናት አላረጋገጠም፣ ተቅማጥ ያበዛል።»

ግሩፕ ላይ የምትለጥፉት ይሄን ይሁን እንጂ የጥናቱን ርዕስ አይደለም። አንድ ሰው «ልግዛው ወይ?» ብሎ ከጠየቃችሁ መጀመሪያ እናንተ ጠይቁት፦ ስንተኛ ቀኑ ነው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ፣ ስኳር አለበት ወይ። ከዚያ ወደ ሐኪም ላኩት።

አዲስ ጥናት ሲመጣ

ከደረጃ 1 ጀምሩ፣ መድኃኒቱም ሕመሙም ያው ቢሆኑም። «6 ሚሊ ግራም ከጠቀመ እጥፉ ይበልጥ ይጠቅማል» ያለ ብዙ ነው። ሪከቨሪ ይሄንኑ ሞክሮት እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተመው፦ ኦክስጅናቸው ወርዶ ገና ኦክስጅን ላልተሰጣቸው ወይም ቀላል ኦክስጅን ብቻ ለሚያገኙ ሰዎች 20 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን ከዚያ 10 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን ሰጡ። ከፍተኛውን መጠን ካገኙት 659 ሰዎች 123ቱ ሞቱ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 613 ደግሞ 75። አካፍሏቸው፣ 19 በመቶ እና 12 በመቶ ይመጣል። መስመራችሁ ላይ የተቀየረው «ምን ያህል» የሚለው ቦታ ነው፣ ስለዚህ ከላይ የጻፋችሁትን ፍርድ አትሰርዙት፣ ሥሩ «ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ለእነዚህ ታካሚዎች ሞትን ጨምሯል» ብላችሁ ቀኑን ጨምራችሁ አስገቡበት።